በአራተኛ ማርሽ ወደ አዳዲ ማርያም

አከራዩ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት መኪናዋን ዞሮ ዞሮ በስልኩ ቀረጻት። ጥር 21 ነው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ። ጭረቶቿን አንድ በአንድ አስተዋወቀኝ፦ «ይቺ የግቢው በር ናት፣ ይቺ ባጃጅ ነው፣ ይቺን ደግሞ የኔው ልጅ በሚስማር ነው።» ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ከ60 በላይ አትጫናት፤ ታኮርፋለች» አለኝ። እህቱን የሚድር ሰው ይመስል ነበር።

መኪናዋ ቪትዝ ናት። ኮድ 3፣ የመጀመሪያው ሞዴል፣ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ማኑዋል። ከባለሥልጣን ቪኤይት ጋር የምትጋራው «ቪ»ን ብቻ ነው። ስትሠራ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበራት፤ ችግሩ ይህ ቁጥር የተለካው ለባሕር ጠለል መሆኑ ነው። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ነው፤ ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ለቡ 2 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከ70ዎቹ ፈረሶች 15 ያህሉ እኔ ጋ አልደረሱም፤ ጂቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። በእርግጥ ባቡር ጣቢያው እዚያው ሰፈራችን ነው፤ 750 ኪሎ ሜትር ሄጄ ላምጣቸው ብል ግን ቅዳሴው ያልቃል።

ቅዳሴ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የተከራየሁት ለአክስቴ ለእቴቴ ነው። አዳዲ ማርያም የተሳሉት ስለት አለባቸው፤ ስለቱ ጥላ ነው። ያውም ዘርፉ የሚያብረቀርቅ፣ ዘንጉ ከኔ ቁመት የማይተናነስ የቤተ ክርስቲያን ጥላ። ከኋላ መስኮት እስከ ዳሽቦርድ በሰያፍ ካልተጋደመ አይገባም። አጋደምነው። እቴቴ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አጣፉ፣ አማተቡ፣ «በል» አሉ።

ችግሩን ያወቅሁት ጀሞን አልፈን ነው። የጥላው ዘንግ ከካምቢዮው በስተቀኝ ተጋድሟል። አንደኛ ይገባል፣ ሁለተኛ ይገባል፣ ሦስተኛና አራተኛም እሺ። አምስተኛ ግን የሚገኘው ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ የእመቤታችን ጥላ አለ። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም ዘርፉ ተንሿሿ። እቴቴ «ምን ፈልገህ ነው ስለቴን የምትነካካው?» አሉኝ። ተውኩት። አራት ማርሽ ለስንቱ በቅቷል።

ከዓለም ገና ወደ ግራ ታጥፈን የቡታጅራን መንገድ ስንይዝ ፀሐይ ወጣች። ከፊታችን ከሰል እስከ አፉ የጫነ ኢሱዙ፣ ያ ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚለው፣ እየተንተፋተፈ ይሄዳል። በቪኤይት ይህን መቅደም እግር ማሳረፍ ብቻ ነው። በቪትዝ ግን እንደ ሠርግ ነው፤ አስቀድሞ ይታሰብበታል፣ ሽማግሌ ይላካል። ወደ ኋላ ቀርቼ ርቀት ሰጠሁት፣ ወደ ሦስተኛ መለስኩ፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ ቁልቁለቷን ጠበቅሁ፤ ከዚያ ቀኝ እግሬን ወለሉ ድረስ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ዳሽቦርዱ ተርገፈገፈ። ስናልፈው የኢሱዙው ሾፌር በመስኮቱ ቁልቁል አየንና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ፍጥነታችን 74 ነበር።

ይህን ቁጥር የነገሩኝ እቴቴ ናቸው። የዚህች ቪትዝ ፍጥነት የሚታየው ከሾፌሩ ፊት ሳይሆን ዳሽቦርዱ መሐል ላይ በዲጂታል ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ቪትዞች ከጃፓን ወጥተው ዱባይ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ነው እኛ ጋ የደረሱት፤ ቁጥሩ መሐል ላይ መሆኑ ለዚህ ሥራ ሳይመች አልቀረም። ጣጣው ግን ተሳፋሪውም ሙሉ ተመልካች መሆኑ ነው። ከጎኔ ያሉት የ71 ዓመት ሴት ቁጥሯን አግኝተዋታል፤ መነጽራቸውን አወጡ።

«ሰባ ስድስት» አሉ። «ሰባ ሰባት።»

«ላዝግም እንዴ እቴቴ?»

«ማን አዝግም አለህ? ቅዳሴው ሊገባ ነው።»

አሁን ስለ ነገሩ ትንሽ ላውራ። ትልቅ መኪና የነዳ ዘመድ አለኝ፤ ፈጣኑ የአዳማ መንገድ ላይ 120 ሲነዳ እንደሚያንቀላፋው ይናገራል። አምነዋለሁ። መኪናው ገና ግማሽ አቅሙን አልነካም፣ ሰውየው ምንም አልሠራም። ቪትዝ ውስጥ በ75 የሚተኛ ሰው ካለ ሕመምተኛ ነው። ያላትን ሁሉ ካልሰጠችህ አትሄድም፤ እሷ ያላትን እንድትሰጥ ደግሞ አንተም ያለህን ትሰጣለህ፤ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጆሮ። ፍጥነት የጆሮ ነገር ነው፣ የቁጥር አይደለም። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፦ የመኪና ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ በዚህ አፍ የሚነገርላት መኪና አንድ ቀን እንኳ ራሷን ፌራሪ ብታስብ አይፈረድባትም።

ያን ቀን ያሰበችው ወደ መልካ ቁንጥሬ ቁልቁል ስንወርድ ነው። አስፋልቱ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይጠመዘዛል። የጥንት ሰዎች ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ ይሠሩ የነበረው እዚህ ነው፤ ቦታው በ2016 ዓ.ም. ማለቂያ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ኩርባው ሳይደርስ ፍሬን ረገጥኩ፣ ወደ ሦስተኛ አወረድኩ፣ ሞተሩ ያዛት። መሪውን ሳዞር መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ጋደል አለች፤ ቀጫጭን ጎማዎቿ ቀስ ብለው እንደ ድመት ጮኹ። ከኋላ የጥላው ዘርፍ እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ከኩርባው ስንወጣ ወደ አራተኛ፣ ከዚያ ሌላ ኩርባ፣ እንደገና ሦስተኛ። በጣም አጭር ጊዜ ነው፤ እጄ፣ እግሬና መንገዱ እንዲያ የተግባቡበትን ቀን ግን አላስታውስም። ድልድዩን ተሻግረን ቀጥ ያለው ላይ ለቀቅኳት።

«ሰማንያ አንድ» አሉ እቴቴ። «ሰማንያ አራት። ሰማንያ ዘጠኝ።» ዝም። «ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ። ለምን ቀነሰ?»

«ከብት አለ እቴቴ።»

መንገዱን ሙሉ በሙሉ የያዙ በሬዎች። እረኛው ልጅ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆመ፤ ቪትዟንም ጥላውንም እኩል አያቸው። እቴቴ ከረጢታቸውን ከፍተው አምባሻ ቆርሰው በመስኮት ሰጡት። «ቶሎ አሳልፍልን የኔ ልጅ፣ ቸኩለናል» አሉት።

ደረስን። አዳዲ ማርያም በላሊበላ ዘመን ከአንድ አለት እንደተፈለፈለች ይነገርላታል፤ ከመሬት ዝቅ ብላ ስላለች ወደ ውስጥ ይወረዳል። ጥላው በእልልታ ገባ። አንዱ ዲያቆን ዘርፉ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በጣቱ ጠረገና አሸተተው፤ የማርሽ ቅባት ነበር። ወዲያ ዞርኩ።

ስንመለስ አምስተኛው ማርሽ ነፃ ወጥቷል። ምን ዋጋ አለው፣ ከዓለም ገና ጀምሮ በቀይ ሽብሮች መሐል፣ ሲኖትራኮቹን ማለቴ ነው፣ በሁለተኛ ስንጎተት መሸ።

አከራዩ በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ጭረቶቹን ቆጠረ፤ ልክ ናቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ለካ መኪናዋ ጂፒኤስ አላት። ካርታው ላይ ያለፍንበት መንገድ በቀይ መስመር ተሰምሯል፤ በጣቱ እየተከተለ መልካ ቁንጥሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንገቴን ደፋሁ።

«89?» አለ።

«ቅዳሴው እንዳያልፍብን ብለን…»

«ይቺ?» ዞር ብሎ መኪናዋን እንደ አዲስ አያት። «ይቺ መኪና? እኔ 65 ላይ ስትንቀጠቀጥ ሞተሯ አልቋል ብዬ ልሸጣት ነበር እኮ። በአምስተኛ ነው?»

«በአራተኛ። አምስተኛውን ጥላ ይዞት ነበር።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቁልፉን መልሶ መዳፌ ላይ አኖረና ወደ ፊተኛው በር ሄደ። «በል እስቲ እስከ ጀሞ ደርሰን እንምጣ፤ እኔም ልያት።»

በሩን ሲከፍተው እቴቴ ገና አልወረዱም።

«አንተ ከኋላ ግባ ልጄ» አሉት፣ መነጽራቸውን እያጠለቁ። «ቁጥሩን የማየው እኔ ነኝ።»