ውሻ ይፈቀዳል

ፈረንጅ አገር ውሻ ከነጌታው የሚዝናናበት የባሕር ዳርቻ አለ አሉ። ደንብም አለው፦ ማሰሪያውን ያዝ፣ የጣለውን በላስቲክ ልቀም፣ የሰው ውሻ አታስደንግጥ። ይህን ለነገሌ ቦረና ሰው ብትነግሩት የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ከብቱን ማን እየጠበቀ?»

እኛስ መች ዳርቻ አጣን? ባሕሩ በ1985 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ቢሄድም የገናሌና የዳዋ ወንዞች አሉ። ውሻ ይፈቀዳል፣ መግቢያም አይከፈልም። እንዲያውም አዞው በደስታ ነው የሚቀበለው።

ጠለቅ ያለ ውሃ ካማራችሁ ደግሞ የቦረና ቱላ ጉድጓዶች አሉላችሁ። ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ይቀባበላሉ፤ አባ ሄሬጋ ተራ ያስከብራል፤ ከብቱ በቀኑ ገንዳው ላይ ይቀርባል። ውሻው ተራ የለውም። ከገንዳው ሥር የፈሰሰውን ጭቃ ይልሳል። ማታ ጅብ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ተራ የእሱ ነው።

በነገሌ ደግሞ በውሃ ተራ አይቀለድም። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች የውሃ ፓምፕ ቢበላሽ መኮንኖቹ ከእኛ ጉድጓድ አትቀዱም አሉ። ወታደሩ አመፀ፤ ሊያባብሉ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ይዞ ያንኑ የእሱን ምግብና ውሃ አቀመሳቸው። አመፁ ተዛመተና በመስከረም 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ።

ውሻችሁን ይዛችሁ ወደ ቆላው የምትወርዱ ሁሉ፣ ፎጣውንና ጃንጥላውን ተዉት። ውሃችሁን ከቤት ያዙ፣ ውሻውንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጉት።