ካንሰሩ ደረሰ፣ ተከላካዩ ቀረ

የካንሰር ሕዋስ ግትር ነው። ከሰው ገላ ተቆርጦ፣ በበረዶ ታሽጎ፣ ከተማ አቋርጦ ቢመጣም ምግብና ማደሪያ ካገኘ ማደጉን ይቀጥላል። እሱን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳት ግን ቶሎ ይደክማሉ። የትልቁ አንጀት ካንሰር ተመራማሪዎችን ከሚያንገላቱ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ እኔም አምስተርዳም ውስጥ በአንድ የበረዶ ቀን ደርሶብኛል።

ናሙና የሚያመላልሰው መኪና በበረዶው ምክንያት ቀረ። ቀዶ ጥገናው ግን አልቋል፤ ዕጢው አይጠብቅም። ሁለቱን የታሸጉ ሣጥኖች ተረክቤ ትራም ተሳፈርኩ። በአንዱ ሽንብራ የምታክል የዕጢ ቁራሽ አለች፤ አንጀት ባክቴሪያ ስለሚበዛበት ፀረ ባክቴሪያ ባለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ተነክራለች። በሌላው የዚያው ሰው ደም አለ። ደሙ በረዶ ሊነካው አይገባም፣ በክፍል ሙቀት ነው የሚጓዘው። ትራሙ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ጠበቅን፣ ጠበቅን፤ ማሞቂያውም ጠፋ። የደሙን ሣጥን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በካፖርቴ ሸፈንኩት።

ፊት ለፊቴ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ ያጣፉ እናት ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ የአገር ልጅ ነህ? እንዲህ አቅፈህ የያዝከው ምንድን ነው?»

«የበሽተኛ ናሙና ነው እናቴ። የአንጀት ካንሰር።»

አማተቡ። «እግዜር ይማረው።» ትንሽ ዝም አሉና የባለቤታቸውን ነገር አነሱ። ደም እያዩ «ኪንታሮት ነው» እያሉ ከርመው፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር። «እና ይሄ ሰውየውን ያድነዋል?»

ልዋሻቸው አልፈለግሁም። «እሱን ላያድነው ይችላል፤ ከእሱ በኋላ ለሚታመመው ነው» አልኳቸውና የምንሠራውን አስረዳኋቸው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኡትሬክት ከተማ ውስጥ ከአይጥ አንጀት በተወሰደ አንድ ግንደ ሕዋስ ጥቃቅን አንጀት መሰል አካላት አሳደጉ፤ ኦርጋኖይድ ይባላሉ። ብዙም ሳይቆይ ከሰው አንጀትም፣ ከካንሰሩም ማሳደግ ተቻለ። ማደሪያቸው ማትሪጄል ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይፈሳል፣ በሰውነት ሙቀት ይረጋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ያምራሉ። ነገር ግን የሽፋን ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ የደም ሥር የላቸውም፣ ቲ ሴል የሚባሉት ተዋጊ ነጭ የደም ሕዋሳትም የሏቸውም። ጦርነቱን ለማጥናት አንደኛው ወገን የለም።

በአይጥ ላይ ማጥናትስ? ኤምሲ38 የተባለው የአይጥ አንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚተከለው ከቆዳ ሥር ነው፤ የሰውነትን መከላከያ ለሚያነቃቁ መድኃኒቶችም በቀላሉ ይሸነፋል። የብዙው በሽተኛ ካንሰር ግን አይሸነፍም። እነዚህ መድኃኒቶች በደንብ የሚሠሩት የዲኤንኤ ስህተት ማረሚያቸው በተበላሸ ዕጢዎች ላይ ሲሆን፣ እነሱም ከጠቅላላው የትልቁ አንጀት ካንሰር 15 በመቶ ያህል ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ እንዲህ ያለ የፊንጢጣ ካንሰር የነበረባቸው 12 ሰዎች ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን፣ ዶስታርሊማብን፣ ወስደው የሁሉም ዕጢ ጠፋ። ደስ ይላል! የቀሩትስ? በአይጥ ውጤት ብቻ ለእነሱ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለት ሣጥን የተያዘው ለዚህ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. እዚያው አምስተርዳም፣ በኔዘርላንድስ የካንሰር ኢንስቲትዩት፣ የኤሚል ቩስት ቡድን ከበሽተኛው ዕጢ ያደገውን ኦርጋኖይድ ከራሱ ከበሽተኛው የደም ቲ ሴሎች ጋር ሁለት ሳምንት አብሮ አቆየ። ከአንዳንዶቹ በሽተኞች የተገኙት ቲ ሴሎች ካንሰሩን ለይተው ገደሉ፤ ከጤነኛው የሰውነት ክፍል ያደገውን ኦርጋኖይድ ግን አልነኩም። እኔ ከሁሉም ሞዴል የምመርጠው ይህንን ነው፤ የአንድን ሰው ዕጢና የዚያኑ ሰው ተከላካይ ፊት ለፊት ያገናኛል።

ትራሙ ሲንቀሳቀስ መሽቷል። ዕጢዋ በማትሪጄሉ ውስጥ ያለችግር አደገች። ከደሙ የለየናቸው ቲ ሴሎች ግን ሌሎች የደም ሕዋሳት ተቀላቅለውባቸው፣ ደክመው ተገኙ። ሙከራው ተሰረዘ። አንድ ሰው ሊቀደድ በተኛበት አልጋ ሆኖ የፈቀደው ስጦታ ግማሹ ባከነ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አንባቢ ሆይ፣ በሰገራህ ደም ካየህ «ኪንታሮት ነው» ብለህ አትለፈው፣ ተመርመር። ሐኪም ለምርምር ናሙና ከጠየቀህም ምን እንደሚሠራበት ጠይቀህ፣ ተረድተህ ፍቀድ። ያለ በሽተኛው ፈቃድ ይህ ምርምር አንድ እርምጃ አይራመድም።