ሰልባጅ ለባሹና መርከቢቱ

«እኛኮ ዲስትሮየር ነበረን!» አለ፣ ቂሊንጦ ታክሲ ሰልፍ ላይ ወሬ የማያልቅበት ሰውዬ።

ዲስትሮየር? ቀስ በል ወንድሜ፣ ሰልፉ ይሰማሃል። «ኢትዮጵያ» የምትባለዋ መርከብ ስትወለድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። አሜሪካኖች በ1936 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሯት ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ እንድትቀዳ፣ ሲሰበሩ እንድትጠግን ነው። መድፍ አልነበራትም አላልኩም። የሰፈርህ ዘበኛም ዱላ አለው፤ ጄኔራል ግን ብለነው አናውቅም።

«ቢሆንስ? የራሳችን ነበረች!»

በውሰት ነዋ! በ1954 ዓ.ም. በውሰት መጣች፤ የተሸጠችልን ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ጃንሆይ ተዋሱ፣ ደርግ ገዛ። ደርግ ከጃንሆይ ቤት ሒሳብ ከፍሎ የወሰደው ዕቃ ይቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ይኼን ጊዜ ከኋላ አንድ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ፦ «ለአሮጌ ቆርቆሮ ነው እንዴ ይኼ ሁሉ ጉራ?»

አንተ ደግሞ! ጃኬትህን ከየት ገዛህ? ክንዱ ላይ የሌላ አገር ትምህርት ቤት ዓርማ ተሰፍቶበታል እኮ። ሰልባጅ ለብሰህ ሰልባጅ መርከብ ትንቃለህ? 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ነበረች። የጃንሆይ የልጅ ልጅ አድሚራል እስክንድር ደስታ ያዘዙት ባሕር ኃይል ሰንደቁን የሰቀለው እሷ ላይ ነው፤ ዕጩ መኮንኖች ማዕበል የለመዱት፣ ሆዳቸውም የተገለበጠው እሷ ላይ ነው። አንተ ክረምት ሲገባ የቂሊንጦን ጭቃ ለመሻገር ሰው ጠርተህ እጅህን ትሰጣለህ!

ጎረምሳው ጃኬቱን ገልብጦ ክንዱ ላይ ጣለው።

«ታዲያ የት ገባች?» አለ ፎካሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ምፅዋ በየካቲት 1982 በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ መርከቢቱ ባሕረኞቿን ይዛ ወደ የመን ሸሸች። እዚያው ሁለት ዓመት ያህል ቆማ ለብረት ተሸጠች። ወንድሜ፣ እዚህ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት የገባ ሰው እንኳ ቀጠሮ አለው፣ ጠያቂ አለው፣ በር ላይ ስንቅ ይዘውለት ይሰለፋሉ። እሷን ማን ጠየቃት?

«ማን ይጠይቃት?» አለኝ። «ስንቋ ናፍጣ!»