አዋጅ! አዋጅ! የሸራ ቅዳጅ!

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በፔዳ በር ከጀበና ቡናዋ ጥላ ሥር በበርጩማ ላይ የተሰየምን፣ ማንም ሳይመርጠን የተመረጥን፣ ቶናውን ጠጥተን በረካውን የምንጠባበቅ፣ በነጋሪት ጋዜጣም ሆነ በክልላችን ዝክረ ሕግ ላይ ለመውጣት ወረፋ ያልደረሰን አዋጅ አውጪዎች፤

የመዋኛ ገንዳ ልብስ ለባሽ መሆኑ፣ ልብሱም እንደ ማንኛውም ልብስ የሚያልቅ መሆኑ በመዘንጋቱ፤

ገንዳ ሲመረቅ ሪባን ለመቁረጥ መቀስ የሚይዝ ባለሥልጣን ሞልቶ ሳለ፣ ሸራው ሲቀደድ መቀስ ይዞ ብቅ የሚል በመጥፋቱ፤

ውሃው ጎደለ በተባለ ቁጥር ቧንቧ መክፈት እንደ ጥገና በመቆጠሩ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የገንዳ ሸራ ማሰናበቻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙ ርዕስ ገና በንዑስ ኮሚቴ እየታየ ነው።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ሸራ» ማለት ገንዳ የሚለብሰው ሰማያዊ ፒቪሲ፣ ወይም የገበሬ ኩሬ የሚለብሰው ጥቁር ጂኦሜምብሬን ነው። የአይሱዙ ሸራን፣ የሠርግ ድንኳንንና ሸራ ጫማን አይጨምርም።

«ገንዳ» ማለት ሰው የሚዋኝበት እንጂ ማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ የሚያነሳበት አይደለም። ሸራው በጊዜው ካልተቀየረ ግን ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ይሆናሉ።

«ፔዳ» ማለት በ1972 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የተጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ትቶልን የሄደው ስም ነው። አካዳሚው መምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ ኮሌጁም በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ባጃጁ ግን ዛሬም «ፔዳ! ፔዳ!» እያለ ይጣራል። ስም እንዲህ ይከርማል። ሸራ አይከርምም፤ ደህና የተያዘ ፒቪሲ አሥር ዓመት ገደማ ቢያገለግል ነው፣ ፀሐይና ክሎሪን ከበዙበት ከዚያም ያንሳል።

አንቀጽ 3፤ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ሸራ በለበሱ ገንዳዎችና ኩሬዎች ሁሉ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ሴራሚክ የተነጠፈባቸው ገንዳዎች ሴራሚካቸው ሲረግፍ የራሳቸውን አዋጅ ያውጡ። ጣናም ነጻ ነው። ድሮ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት መውጫውን ዘግቶ ሐይቅ ሲያደርገው ማንም ሸራ አላነጠፈለትም፤ ሸራ የለበሰው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነው፣ ያውም ከላይ። እንቦጭ ይባላል።

አንቀጽ 4፤ ስለ ባልዲው ሥርዓት

ይህ አንቀጽ የወጣው ስሙን በማንጠራው አንድ ግቢ ባየነው ነገር ምክንያት ነው። ገንዳው 10 ሜትር በ20 ሜትር ነው። ዘበኛው በየማለዳው ጎማውን ይዘረጋና ውሃ ይጨምራል። ጠየቅነው።

«ጋሼ፣ ውሃው የት እየሄደ ነው?»

«ይተናል ልጄ። የባሕር ዳርን ፀሐይ መች አወቅሃት።»

«ሌሊትም?»

አሰበበት። «ሌሊትማ» አለ ጎማውን እያስተካከለ፣ «ጣና ቅርብ አይደል፣ ወንድሙ ጋ ይሄድ ይሆናል።»

ስለዚህ ከጀበና ቡናዋ አንድ ባልዲ ተዋስን። እንዲህም ተደነገገ፦ ባልዲው በገንዳው ውሃ ይሞላል፤ የገንዳው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ፣ አፉ ከውሃው በላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ በውስጥ የባልዲው ውሃ፣ በውጭ የገንዳው ውሃ የደረሰበት በማርከር ይሰመራል፤ ፓምፑ ይጠፋል፤ 24 ሰዓት ማንም አይዋኝም። ፀሐይዋ ለሁለቱም እኩል ናት፣ ስለዚህ ትነት ከሆነ ሁለቱ እኩል ይጎድላሉ። በማግስቱ ስንመለስ ባልዲው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጎድሏል። ገንዳው ሁለት። ልዩነቱን 1.5 ሳንቲ ሜትር በገንዳው ስፋት አባዝተን 3,000 ሊትር አገኘን፤ በቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 150 ጀሪካን መሆኑ ነው፣ በአንድ ቀን። ከእኛ መካከል ውሃ በፈረቃ የሚደርሳት አንዲት እህታችን ይህን ስትሰማ ስኒዋን አስቀመጠች። ምንም አልተናገረችም፤ ዝምታዋ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

ለፍትሕ ሲባል ይህም ይጨመር፦ ያፈሰሰ ሁሉ ሸራ አይደለም። የሚጎድለው ፓምፑ ሲሠራ ብሶ ከሆነ ጥፋተኛው ቧንቧው ሊሆን ስለሚችል፣ ሸራው ሳይሰማ አይፈረድበትም። ቀዳዳ የተጠረጠረበት ቦታ ላይ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ ይደረግ፤ ቀለሙ ወደ አንድ ጥግ ከተሳበ ሌባው ታወቀ።

አንቀጽ 5፤ የጡረታ ምልክቶች

ሰማያዊነቱ እንደ አሮጌ ጂንስ የነጣ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይለዝብ፣ ባልነበረበት የተጨማደደ፣ ከጠርዝ ማቀፊያው ሹልክ እያለ የሚወጣ ሸራ ጡረታው ደርሷል። አንድ ቀዳዳ በልጥፍ ይታለፋል። ልጥፍ በልጥፍ ላይ ተደርቦ ሸራው ድሪቶ ከሆነ ግን ልጥፉ ልብስ፣ ሸራው ልጥፍ ሆኗልና ይውጣ። ነገሩ ያልገባው ኃላፊ አማካሪ ድርጅት ከመቅጠሩ በፊት ጣና ዳር ወርዶ ታንኳ ሠሪ ይጠይቅ። ታንኳ ሠሪው ደንገሉ ውሃ መጠጣቱን ከክብደቱ ያውቃል፤ ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ፀሐይ የማይመልሰው ሲሆን አዲስ ደንገል ያጭዳል። ለዚህ ዐውደ ጥናት አልተካሄደም፣ አበልም አልተከፈለም።

አንቀጽ 6፤ ስለ ቀደምት ኩሬዎች

«ሸራ ለእኛ አዲስ ነው» የሚል ሰበብ ተቀባይነት የለውም። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ ገጠር የቤተሰብ ኩሬ ዘመቻ ነበር። ገበሬው ቆፈረ፣ ፕላስቲክ መጣለት፣ አነጠፈ፤ ቁጥሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ወጣ። ከዚያ የብዙዎቹን ሸራ አይጥ በላው፣ ከብት ረገጠው፣ ሹል ድንጋይ ወጋው፣ ፀሐይ አደረቀው። ውሃ የያዘው ክዳን ስላልነበረው ከፊሉ ተነነ፣ የቀረው የወባ ትንኝ መፈልፈያ ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በነዚሁ ላይ ያወጣው ጥናት ርዕሱ «በተግዳሮት የተሞሉ ኩሬዎች» ይላል። እንግዲህ ባዶ ነበሩ ማለት አይቻልም።

ከመካከላችን አንዱ ያኔ የልማት ሠራተኛ ነበር። አንድ አዛውንት ቤት ሄዶ፦

«አባ፣ ኩሬው እየሠራ ነው?»

«አዎ ልጄ። ውሃውን እንኳ አልያዘም። ሸራው ግን የጤፍ ክምሬን ከዝናብ አተረፈልኝ፣ እግዜር ይስጣችሁ።»

በሪፖርቱ ላይ «በአገልግሎት ላይ የሚገኝ» ተብሎ ተሞላ። ቅጹ ላይ «የተቆፈረ» እና «የተነጠፈ» የሚሉ ዓምዶች ነበሩ፤ «የተቀየረ» የሚል አልነበረም ይላል፣ እስከዛሬ እያሳቀው።

አንቀጽ 7፤ ስለ ጊዜው

ሸራ የሚቀየረው በበጋ፣ በተለይም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ሙቀቱ ሲጠና ፒቪሲው ይለዝባል፣ ሲወጥሩት ይታዘዛል። ከዚህ የሚብሰው ምክንያት ደግሞ ከተማችን ሜዳ፣ ያውም ሐይቅ ዳር መሆኗ ነው፤ በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ሽቅብ ይመጣል። ያን ጊዜ ገንዳውን ባዶ ያደረገ ሰው ከላይ ያወጣውን ከሥር ይቀበላል፣ ሸራውም እንደ ስልቻ ይነፋበታል።

ይሁን እንጂ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይወጣል። የግዥ ጥያቄው በሐምሌ ይጻፋል። ፕሮፎርማው በጥቅምት ይሰበሰባል። ጨረታው በታኅሣሥ ይሰረዛል። በመጋቢት፣ ፀሐይዋ እንዲያ ጠንታ ሳለች፣ «በጀት የለም» ይባላል። ሰኔ 20 ላይ «በጀቱ ተመላሽ ሊሆን ነው!» ተብሎ ቢሮው ሁሉ ይሮጣል፣ ሸራው ሰኔ 29 ይገባል፣ ዝናቡም አብሮት። በመሆኑም ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል ብቻ ሰኔ ከሚያዝያ በፊት እንዲውል ተወስኗል። የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንት ተቃውሞ ካላቸው በጽሑፍ ያቅርቡ።

አንቀጽ 8፤ የተሻሩ ልማዶች

«ዘንድሮን ይለፍ»፣ «ከላይ ሲያዩት ደህና ነው» እና «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚሉት ከዚህ አዋጅ ጋር ስለሚቃረኑ ተሽረዋል። ዘበኛው ጎማውን ያስቀምጥ።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በረካው ተቀድቶ ከተጠጣበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ፔዳ፣ ባሕር ዳር

ማሳሰቢያ፦ ለፈተናው ገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀመጥነው ባልዲ ከትናንት ማታ ጀምሮ በቦታው የለም። ያየ ሰው ለቡና ሻጯ ይመልስ። አረንጓዴ ነው፣ እጀታው በሽቦ ታስሯል፣ በውስጥም በውጭም በማርከር ተሰምሮበታል። እስኪገኝ ድረስ ስኒ የሚታጠብበት ስለሌላት በዱቤ መጠጣት ቆሟል።