ለጫማ ክፍል፣ ለሽማግሌ ዱካ

ዘንድሮ ደግሞ ለጫማ ቤት ተሠራለት። ቀልድ አይደለም፤ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት! እኔ እዚሁ አቃቂ ጎጆ ስቀልስ ለልጆቼ ሁለተኛ ክፍል እስክጨምር ስንት ክረምት ነው ያለፈው።

የእኛ ቤት ጭቃ ቤት ነበር። አፈሩ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ከርሞ ነው የተመረገው፤ ወለሉም እበት ይለቀለቃል። እንግዳ ጭቃ ይዞ ቢገባ ማን ይቆጣዋል? ምርጊት ጨመረልን ነው እንጂ! አሁን ልጄ ጭቃውን አፍርሶ ብሎኬት አቆመና ወለሉን ነጭ ሴራሚክ አለበሰው። ነጭ! በዋልካ አገር!

የእንጦጦ ቀይ አፈር ቢያንስ ይሉኝታ አለው። ዋልካ ግን ሐምሌና ነሐሴ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ አንዴ ጫማ ከያዘ በየእርምጃው ይደራረባል። ከታክሲ ወርጄ ቤት እስክደርስ ቁመቴ ይጨምራል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቅና የወደቀ ቁልፍ ይውጣል፤ የስንቱንስ ግድግዳ ተረተረ።

«በርካሽ እኮ ነው የሠራነው አባባ» ትለኛለች ምራቴ። እውነት ነው፣ የበረንዳዋን ጥግ ነው የከለሉት፤ ሁለት በአንድ ሜትር ተኩል ብትሆን ነው። ቆርቆሮው ከፈረሰው አጥር፣ ፌሮው ከምናለሽ ተራ፣ መደርደሪያውና አግዳሚው ከአሮጌ ፓሌት። ዕቃው ረክሷል፤ ሠራተኛውስ? ሰውዬው ቅድሚያ ተቀብሎ፣ ምሳውን በልቶ፣ ወለሉን እንደ ምጣድ ለጥ አድርጎት ሄደ። ውሃው በየት ይውረድ? በመጀመሪያው ዝናብ ጫማዎቹ ዋኙ። ተመልሶ ወደ ደጅ ተዳፋት ሰጠው፤ ሌላ ሲሚንቶ፣ ሌላ ምሳ።

ፌሮውን ግን አልነቅፍም። ጎን ለጎን አበያይደው ከደጁ ጠጠር ላይ ተክለውታል፤ ሶልን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ሲያደርጉበት ግማሹ አቃቂ ውጭ ይቀራል። የቀረውን ትንሽ ታግሦ፣ ሲደርቅ በብሩሽ መምታት ነበር። ማን ይሰማል! እርጥቡን በቧንቧ ያጥቡትና መውረጃው በጭቃ ይደፈናል፤ ከዚያ «አባባ፣ ሽቦ የት አለ?» ቆዳ ጫማ ከሰል ዳር አይደርቅም፣ ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት ብዬ መከርኳቸው። ይህችን ምክር ብቻ ሰሙ። ያላነበብኩትን ጋዜጣ ጠቀጠቁት! የዓለምን ወሬ ከልጄ ቦት ጫማ ውስጥ እየመዘዝኩ ነው የማነበው።

ደግሞ ሕጉ፤ ጫማ ሳያወልቁ መግባት የለም። በዚህ ወገቤ ከዱካ ላይ ተቀምጬ ማሰሪያ ልፍታ፤ አግዳሚው ለቦርሳና ለጃንጥላ ነው ተብሏል። በገዛ ቤቴ የልጅ ልጄ ሮዝ ነጠላ ጫማ ይዛ ትቀበለኛለች።

የንስሐ አባታችን ለፀበል ሲመጡ ደስ አለኝ። እንግዲህ አባን ማን ደፍሮ ጫማ አውልቁ ይላል? ይኸው ይፈረድልኛል አልኩ። አባ ግን ማንም ሳይናገራቸው አግዳሚው ላይ ያለውን ቦርሳ ገፋ አድርገው ተቀመጡ፣ ኮንጎ ጫማቸውን አወለቁ፣ ፓሌቱ ላይ ደረደሩ። «ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ አይደል?» ብለው ገቡ። ምራቴ ወደኔ አየች፤ እኔ ወደ ጣሪያው።

ሲወጡ የዚያን ምሳ በላተኛ ስልክ ጠየቁን። ለቤታቸውም ሊያሠሩ ነው።