«ዘጠኝ ዘጠኝ ነው» ላለን ወንድማችን

ባዶ ቀለህ በቤቴ መልሼ ሞልቼ እተኩሳለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በዝምታ አትለፉት። ምላሱ ፈጣን ነው፤ የእናንተም ይፍጠን። ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር፣ ኢታንግ ላይ፣ ማንጎ ጥላ ሥር ቡና ሲፈላ ለሚነሣው ለዚህ ጉራ መልሱን እነሆ።

«ቀለህ አለኝ፣ ባሩድ አለኝ፣ ምን ቀረኝ?» ይላል።

«ሚዛን።»

«በዓይኔ እመጥናለሁ።»

«እንግዲያው የትኛውን ዓይን እንደምታስቀር ከአሁኑ ምረጥ።»

«የሽጉጥ ቀለህ እኮ ትንሽ ነች፤ ቢበዛስ ምን ያህል ይበዛል?»

ጉዱ ያለው እዚያው ላይ ነው። ፈጣኑ የሽጉጥ ባሩድ ብዙ ጊዜ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምርበት አይፈስም፣ አያስታውቅም፤ አረሩም በላዩ ደኅና ሆኖ ይቀመጣል። የተለመደው 9 በ19 ጥይት በዓለም አቀፉ መለኪያ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 2,350 ባር ነው። እጥፍ ባሩድ የበላ ጥይት ይህን ወሰን ጥሶ ሲሄድ ከፊትህ ያለው ብረት ብቻ ነው፤ ከብረቱ ኋላ ደግሞ እጅህና ፊትህ።

«መለኮሻዋስ? ሁሉም እሳት ትሰጣለች።»

«ክብሪትም እሳት ይሰጣል፤ ጭድና እርጥብ ግንድ ግን በአንድ ክብሪት እኩል አይነዱም።»

ከቀለሁ ቂጥ የምትቀመጠው መለኮሻ ብዙ ዓይነት ናት። የሽጉጥ አለ፣ የጠመንጃ አለ፤ 4.45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አለች፣ 5.33 ሚሊ ሜትር ያላትም አለች፤ መደበኛ አለ፣ «ማግነም» የሚባል እሳቱ የበረታም አለ። ቶሎ ለሚነደው ስስ ባሩድ መደበኛዋ ትበቃዋለች። ጥቅጥቅ ብሎ ለተሞላ፣ ቀስ ብሎ ለሚነድ ድቡልቡል ባሩድ ግን የበረታችው ታስፈልገዋለች። ቦታ አለዋውጠህ የበረታችውን መለኮሻ የመጠኑ ጣሪያ ላይ በደረሰ ፈጣን ባሩድ ሥር ብታደርጋት ግፊቱ ይዘላል። ደካማዋን በዝግተኛው ሥር ብታደርጋት ደግሞ ጥይቱ ዘግይቶ ይፈነዳል፣ ወይም አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል። የጠመንጃዋን መለኮሻ ለሽጉጥ ብታውላት ቆርቆሮዋ ወፍራም ነውና የሽጉጡ መርፌ መትቶ ላይለኩሳት ይችላል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ከመለኮሻ፣ ከባሩድ፣ ከአረር ወይም ከቀለህ አንዱን በቀየሩ ቁጥር የባሩድ መጠን ከሚዘረዝረው የታተመ መጽሐፍ ዝቅተኛ መጠን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። «በትናንቱ ልክ» የሚባል ነገር የላቸውም።

አንድ ጥያቄ ጣል አድርጉለት፦ «የቀለህህ ቂጥ ከውስጥ ሲታይ አንድ ቀዳዳ ነው ወይስ ሁለት?» ካላወቀ ወሬው እዚያው ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1866 አካባቢ እንግሊዛዊው ቦክሰርና አሜሪካዊው ቤርዳን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መለኮሻ ሠሩ። የቦክሰር ቀለህ መሐል ለመሐል አንድ ቀዳዳ አለው፤ ያገለገለችውን መለኮሻ በቀጭን ብረት ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። የቤርዳን ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ መለኮሻዋ በዚያ መንገድ አትወጣም። የሚገርመው፣ አሜሪካኖች የእንግሊዛዊውን ወሰዱ፣ አብዛኛው አውሮፓ የአሜሪካዊውን። ከምሥራቁ ጎራ የመጣው ጥይት አብዛኛው ቤርዳን ነው፤ በእኛ አገር በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

«ከክላሽ ጥይት ባሩድ አውጥቼ ለሽጉጤ አደርገዋለሁ።»

«ክላሹን ጦም አሳድረህ ሽጉጡን ልታንቀው ነው?»

የጠመንጃ ባሩድ ለረጅም አፈሙዝ የተሠራ ዝግተኛ ነው። አጭሯ የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ በሽጉጥ መለኮሻ ሲለኮስ በወጉ ሳይነድ አረሩን ገፋ አድርጎ መንገድ ላይ ሊተወው ይችላል። ተኳሹ «ከሸፈ» ብሎ ደግሞ ቃታ ከሳበ፣ ሁለተኛው ጥይት የተዘጋ አፈሙዝ ያገኛል፤ ያን ጊዜ የሚበተነው ሽጉጡ ነው። በዚያ ላይ ከፋብሪካ ጥይት የወጣ ባሩድ ስም የለውም። ፋብሪካ እያንዳንዱን የባሩድ ምርት በመሣሪያ እየፈተነ መጠኑን ይወስናል፤ በቀለሙና በቅርጹ የሚለየው የለም። አምቦ አጠገብ እንዳለው ሆሚቾ ያለ የጥይት ፋብሪካ በመሐንዲስ የሚሠራውን፣ አንተ በማንኪያ?

«ዘጠኝ ዘጠኝ ነው» ሲልማ፣ «ሞክሼ ሁሉ ወንድም አይደለም» በሉት። የማካሮቭ ሽጉጥ አረር 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ9 በ19ኙ 9.03 አካባቢ። የማካሮቭ የግፊት ወሰን 1,600 ባር፣ የሌላው 2,350። በስም ተገናኙ እንጂ በሌላ አይገናኙም።

አንዳንዴ ከጎረምሳው ጎን አንድ አባት ይነሣሉ፦ «አያቴ የውጅግራ ቀለህ እየሞላ አይደል የኖረው?»

ለእሳቸው ምላስ አይፈጠንም። «አባባ፣ እውነትዎን ነው። ግን ባሩዱ ሌላ ነበር።» ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። በምኒልክ ዘመን አገሩን ሞላው፤ ጥይቱ በየገበያው እንደ ገንዘብ ተመነዘረ፤ የተተኮሰው ቀለህም አገር ቤት በተወቀጠ ጥቁር ባሩድ እየተሞላ ተመለሰ። ጠመንጃውም በዝሆን ጥርስ ንግድ ወደ ባሮና አኮቦ ወንዞች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1912 የአኙዋው መሪ አክዌይ ዋ ቻም ኦዶንጎ ላይ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራውን ጦር ሲገጥም፣ በአኙዋ እጅ ውጅግራ በዝቶ ነበር። ጥቁር ባሩድ ግን ቀለሁን እስከ አረሩ ድረስ ይሞላዋል፤ የአያትዎ ሚዛን ቀለሁ ራሱ ነበር፣ ሁለቴ ልጨምር ቢሉም ቦታ አያገኙም። እ.ኤ.አ. በ1884 ፈረንሳዊው ቪዬል ጭስ የለሹን ባሩድ ከሠራ ወዲህ ትንሿ ቁንጥር ብዙ ትገፋለች። ያ ታጋሽነት ከጥቁሩ ባሩድ ጋር ቀርቷል።

«ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ ግን ቤቱ ይሞላል።»

«የእሱ ባሩድ ስም አለው፤ ያንተስ ስሙ ማን ነው?»

የአጎቱ ልጅ ሕግ በፈቀደለት አገር፣ የታተመ መጽሐፍ ገልጦ፣ የአንድ ግሬይንን አሥረኛ፣ ማለት 0.0065 ግራምን በሚለይ ሚዛን መዝኖ፣ መነጽር አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ አስቀምጦ ነው የሚሠራው። እዚህ ግን «ባሩዱ የት ያድራል?» ብትሉት «አልጋ ሥር» ይላል።

«ልጆችህስ?»

እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ ዝም ማለትም ይገባዋል። ጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ባሩድ በሙቀት ይበላሻል፤ ሲበላሽ ሽታው ይኮመጥጣል፣ ቀይ አቧራ ያወጣል፣ ራሱን በራሱ ማቀጣጠልም ይችላል። መለኮሻም እርጥበትና ዘይት ከነካት ልትከሽፍ ትችላለች።

ይህ ጉራ የሚነሣባት ኢታንግ በአገሮች ውል ላይ ስሟ የተጻፈው ግን ለጦር ሳይሆን ለንግድ ነበር። ግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር እስከ 400 ሄክታር የሚደርስ መሬት ለንግድ ጣቢያ ይከራይ፣ ለፖለቲካና ለጦር ሥራ ግን አይዋል ተብሎ ተጻፈ።

ዛሬም ሕግ አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈቃድ የሌለህ ወንድሜ፣ ቀለሁን ተወው። ያልተተኮሰ ጥይት ሜዳ ላይ ብታገኝ አትፍታው፣ አትቀጥቅጠው፣ ለልጅ አትስጠው፤ ቦታውን ለፖሊስ አመልክት።