አባይን በፎሌ

ክረምት ገባ፤ ለአሽከርካሪ ወገኖቼም ምክር መለገስ ግዴታዬ ሆኖ አገኘሁት። የምናገረው ከልምድ ነው፤ የመኪናዬን ግራ ጎን ያየ ይመሰክርልኛል።

የሰኔ የመጀመሪያ ካፊያ ሲጥል ነዳጅ ይርገጡ። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይትና ናፍታ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ፣ መንገዱ በጎመን ዘር የታሰሰ ምጣድ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። በኋላ ዶፉ ያጥበዋል፤ ጨዋታውም ያበቃል። ጎማዬ ሊሾ ነው ብለው አይጨነቁ። አውሮፓውያን ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ጎማውን በሕግ ያስጥላሉ። የእርስዎ ግን ገና ሽቦው አልታየም።

አዲስ አበባ ውስጥ መንገዱ በጎርፍ ከተሸፈነ ከፊት ያለውን ሚኒባስ ይከተሉ። እሱም የፊተኛውን ተከትሎ ነው የገባው። የማንሆሉ ክዳን መኖር አለመኖሩን ጎማዎ ይነግርዎታል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። ይህን የመሰለ ነፃ ጉዞ ተሰጥቶ ማርሽ ውስጥ መውረድ ንፉግነት ነው፤ ፎሌ ያድርጉት። አንድ መካኒክ «ያሁኑ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል» ብሎኝ ነበር። አላመንኩትም። ከግማሽ መንገድ በኋላ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ፤ የከሰል ማራገፊያ መስሎኝ መስኮት ዘጋሁ። ቀጥሎ የፍሬኑ ዘይት ፈላ መሰለኝ፣ ፔዳሉ እግሬ ሥር እንደ እርጥብ ስፖንጅ ሰመጠ። ያቆመኝ የመንገዱ ዳር የአፈር ክምር ነው፤ ማን እንደደፋው ባላውቅም ዕድሜ ይስጠው። ከባድ መኪና የሚነዱ ሰዎች ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ምናልባት ጊዜ ተርፏቸው ይሆናል።

ጣርማበር ሌላ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከፈለፈለው ዋሻ ወጥተው ወደ ደብረ ሲና ሲያዩ ደብረ ሲና የለችም፤ ጉም ብቻ። ረጅሙን መብራት ያብሩ። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ነጥሮ ፊትዎ ላይ ነጭ ጋቢ ይዘረጋልዎታል። አጭሩን መብራት አብርተው፣ የአስፋልቱን ጠርዝ እያዩ ቀስ ብለው የሚያዘግሙ አሉ፤ ደብረ ሲና ደርሰው ምሳ ሲበሉ አግኝቻቸዋለሁ። እኔ የደረስኩት ለእራት ነው፣ በካቦ ተጎትቼ።

መኪና ሲበላሽብዎ በአገራችን ወግ ቅጠል ቆርጠው፣ ድንጋይ ደርድረው ከኋላ ያስቀምጡ። ሲጠገን ተነስተው ይሂዱ። ድንጋዩን ማንሳት የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ቅጠሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ድንጋዩን የማታ ተጓዥ በካርተሩ ያገኘዋል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ፤ ጎታቹ ሲመጣ ደስ ብሎኝ ዘለልኩና ገባሁ።

ከዋሻው በታች፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ አምስት ድንጋይ ናቸው። ነገ በዚያ የምታልፉ ካላችሁ እባካችሁ አንሱልኝ።